ሠላሳ ሁለት ዓመት የተጠበቀ የባሕር ዳር

ዛሬ የማወጋችሁ በካሊፎርኒያ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ስላለች አንዲት ሸለቆና ከሸለቆዋ አፍ ስላለው አሸዋ ነው። ሸለቆዋ ሞሮ ትባላለች። በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ከተገዛችበት ጊዜ አንስቶ ሕዝቡ ድንኳኑን ይዞ ገብቶ እስካደረባት ሌሊት ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔም የምተርክላችሁ ያንን ዘመን ነው፤ ዓመቶቹንም የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ መንገዱን አብረን እንሂድ። ከሎስ አንጀለስ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ስትነዱ፣ አንዱ ከተማ ከሌላው እየተያያዘ፣ አንዱ መብራት ከሌላው እየተከተለ፣ ዓይን እስኪሰለች ትጓዛላችሁ፤ ከዚያም ኒውፖርት ቢች ትደርሳላችሁ፤ ከዚያም ኮሮና ዴል ማርን ታልፋላችሁ፤ ከዚያም በቀኛችሁ የነበረው ቤት ሁሉ ድንገት ያልቅና ባሕሩ ይከፈታል። በግራ፣ ከፍ ባሉት ኮረብቶች ላይ፣ የባለጸጎች ቤቶች ይታያሉ፤ በቀኝ ግን ቁጥቋጦ የለበሰ ገደል አለ፣ ከገደሉ በታች አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ውኃ ብቻ። እንዲህ ሆኖ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ ከሄዳችሁ ጠዋት ላይ ጉሙ ከባሕር ወጥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ መኪኖችም በቀን መብራት አብርተው ያዘግማሉ፤ ወደ ቀትር ግን ጉሙ ይነሳና ውኃው ያበራል። ላጉና ቢች ከመድረሳችሁ ጥቂት ቀደም ብሎ በግራ በኩል ኮረብታው ተከፍሎ ሸለቆ ይታያል፤ አንዲት ቀጭን ወንዝም ከዚያ ወርዳ ከባሕር ትገናኛለች። ሞሮ እሷ ናት። በዙሪያዋ ያለው ክሪስታል ኮቭ የሚባለው የካሊፎርኒያ መንግሥት ፓርክ ነው።

እንግዲህ ይህ መሬት የማን ነበር ብትሉኝ፣ ከሁሉ በፊት አቻቼመንና ቶንግቫ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ከባሕሩ እየበሉ፣ ከኮረብታው እየለቀሙ የኖሩበት ነው። ከዚያም እስፓኞች መጡ፤ ከዚያም ሜክሲኮ ነጻ ወጥታ መሬቱን ለከብት አርቢዎች ሰጠች፤ ከዚያም ሆሴ አንድሬስ ሴፑልቬዳ የሚባል ባለብዙ ከብት ሰው ሰፊውን ግዛት ያዘ። ነገር ግን በ1863 እና በ1864 ሰማዩ ተዘጋ። ድርቅ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ሣሩ ደረቀ፣ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ፣ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ፤ ሴፑልቬዳም መሬቱን ሸጠ። ከገዙት መካከል ጄምስ አይርቫይን የሚባል ሰው ነበረ፤ እሱም በኋላ ሸሪኮቹን በገንዘብ አሰናብቶ ብቻውን ባለቤት ሆነ፣ በግም አረባበት፣ ለልጁም አወረሰው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ባሕር ዳር ቁልፍ በአንድ ቤተሰብና በኩባንያው እጅ ነበር።

በ1926 የባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ተከፈተ። መንገድ ሲመጣ ሰው ይመጣል። ከከተማ በመኪና እየመጡ በአሸዋው ላይ ድንኳን የሚተክሉ ቤተሰቦች በዙ፤ ጠዋት ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቀን ይዋኛሉ፣ ማታ ይጨዋወታሉ። ከሞሮ ወደ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው ሰርጥ ደግሞ የፊልም ሠሪዎች የዘንባባ ቅጠል የለበሱ ጎጆዎች እየሠሩ የደቡብ ባሕር ደሴት ያስመስሉት ነበር፤ ዳሶቹም ቀስ በቀስ የእንጨት ጎጆዎች ሆኑ። አርባ ስድስት ናቸው፤ ዛሬም ቆመዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ሳያነሳ ያልፈዋል። በዚያው ዘመን፣ ከመንገዱ ወዲያ ኮረብታው ሥር ባለው ሜዳ ላይ፣ ከአይርቫይን ኩባንያ መሬት ተከራይተው የሚያርሱ የጃፓን ተወላጆች ነበሩ። አተር፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያበቅላሉ፤ በመንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ለሚያልፈው መኪና ይሸጣሉ። ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቋንቋ የሚማሩበትን ቤትም በእጃቸው ሠሩ። ከዚያም ጃፓን ፐርል ሃርበርን በቦምብ መታች፤ ከዚያም በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከዚያም በጸደዩ ወራት እነዚያን ቤተሰቦች በእጃቸው ሊሸከሙት ከሚችሉት በቀር ምንም ሳያስይዙ ወደ አሪዞና በረሃ፣ ፖስተን ወደሚባለው የእስር ሰፈር ወሰዷቸው። አዝመራው በማሳው ላይ ነበር። ለመሰናዳት የተሰጣቸው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ትምህርት ቤታቸውም በኋላ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ባሕሩ ዳር ተወሰደ፤ ከአርባ ስድስቱ ጎጆዎች አንዱ እሱ ነው። ይህን አሁን ነግሬያችሁ የማልፈው ወደፊት ስለሚያስፈልገን ነው፤ ያዙልኝ።

ከጦርነቱ በኋላ በሞሮ ሸለቆ አፍ ላይ በድንኳኑ ፋንታ ተጎታች ቤቶች ቆሙ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ በዙ፤ ከዚያ ከጎናቸው በረንዳ ተቀጠለ፣ ጣሪያ ተሠራ፣ አበባ ተተከለ፤ ጎማቸውም ከጊዜ ብዛት የማይታይ ሆነ። ሦስት መቶ ያህል ደረሱ። አንዳንዶቹ ከመንገዱ ወዲያ በሸለቆው ውስጥ በደረጃ የተደረደሩ ናቸው፤ የፊተኞቹ ግን አሸዋው ላይ፣ ባሕሩ በራፋቸው ሆኖ የተቀመጡ ናቸው። መሬቱ የእነሱ አልነበረም፤ ቤቱ ብቻ ነበር የእነሱ። ልጆች እዚያ አደጉ፣ ሽማግሌዎች እዚያ አረጁ። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ ቤት ኖሯቸው በበጋና በሳምንት መጨረሻ ብቻ የሚመጡም ነበሩ። ሰፈራቸውን ይወዱት እንደነበር አትጠራጠሩ። እኔም እዚያ ብኖር እወደው ነበር።

እንግዲህ በካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ሕግ አለ፣ የባሕሩ ውኃ ሲሞላ በአማካይ ከፍ ብሎ እስከሚደርስበት ድረስ እርጥቡ አሸዋ ሁሉ የሕዝብ ነው የሚል። የቆየ ሕግ ነው። ሆኖም የካሊፎርኒያ ሰዎች በ1960ዎቹ ዙሪያቸውን ሲያዩ ወደ እርጥቡ አሸዋ የሚያደርሰው ደረቁ መሬት በአጥርና በቤት እየተዘጋ ነበር። በ1972 ሕዝቡ በድምፁ የባሕር ዳሩን የሚጠብቅ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ፤ በ1976 ደግሞ ምክር ቤቱ ያንን አጽንቶ ሕግ አወጣ። በዚያ መንፈስ ነው በ1979 የካሊፎርኒያ መንግሥት 32.6 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሪስታል ኮቭን ከአይርቫይን ኩባንያ የገዛው፤ አሸዋውን፣ ገደሉን፣ ከኋላ ያለውን የሞሮን ሸለቆና ኮረብታ ሁሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበር። የከፈለውም ግብር ከፋዩ ነው፤ በፍሬስኖ ወይን የሚለቅመው፣ በኦክላንድ ወደብ ዕቃ የሚያወርደው፣ በሎስ አንጀለስ ሳህን የሚያጥበው።

ታዲያ መንግሥት መሬቱን ሲረከብ የተጎታች ቤቶቹን ነዋሪዎች በላዩ ላይ አገኛቸው። ምን ያድርግ? አስነስቶ የማቋቋሚያ ካሣ መክፈል ነበረበት። በዚያ ፋንታ ስምምነት ተደረገ፤ የተጎታች ቤቶቹ ባለቤቶች የማቋቋሚያ ገንዘብ ላይጠይቁ፣ መንግሥትም ሃያ ዓመት በዝቅተኛ ኪራይ ሊያኖራቸው ተፈራረሙ። እስከ 1999 ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሲፈርሙት ሩቅ ይመስላል። የዚያን ቀን በእቅፍ የነበረ ሕፃን ውሉ ሲያልቅ ጎልማሳ ይሆናል፤ ያደገበትንም ሰፈር የራሱ አድርጎ ያስበዋል። እኔ እንደማየው ስሕተቱ የተሠራው ያን ቀን ነው፤ ገንዘቡን በጊዜው ከፍሎ ነገሩን መጨረስ ይሻል ነበር። ግን በጎ አስበው፣ ማንንም ላለመበደል ሲሉ ያደረጉት ነው፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም።

ዘመኑም ሄደ። በጥቅምት 1993 መጨረሻ ሳንታ አና የሚሉት ነፋስ ከምድረ በዳው ነፈሰ፤ ደረቅ ነው፣ ትኩስ ነው፣ በመጸው ይነሳና ቁጥቋጦውን ሁሉ ጭድ ያደርገዋል። እሳትም ተነሳ፤ ከኮረብታ ኮረብታ እየዘለለ የፓርኩን ሸለቆዎች በላ፣ በላጉና ቢች በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን አመድ አደረገ። በማግሥቱ ኮረብቶቹ ጥቁር ሆነው፣ ከታች ባሕሩ እንደ ወትሮው ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ቁጥቋጦው ግን ሥሩን አልተነካምና በቀጣዮቹ ዝናሞች ቀስ በቀስ አቆጠቆጠ።

1999 ደረሰ። ሃያው ዓመት ሞላ። ነዋሪዎቹ ጊዜ ይጨመርልን አሉ፣ አምስት ዓመት ተጨመረላቸው። በዚሁ መካከል የአርባ ስድስቱ ጎጆዎች ጉዳይ ፈላ። መንግሥት እነዚያን ጎጆዎች ለአንድ ባለሀብት ለስድሳ ዓመት ሊያከራይ፣ እሱም ውድ ሆቴል ሊያደርጋቸው ውል ተፈርሞ ነበር። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ተነሳ። በጥር 2001 በተጠራው ስብሰባ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በውጭ ቆመ፣ አንድ በአንድ እየተነሱም አይሆንም አሉ፤ መንግሥትም ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ውሉን አፈረሰ። ከተቃወሙት መካከል ላውራ ዴቪክ የምትባል ሴት ነበረች። ወላጆቿ የተዋወቁት በዚያው ሰርጥ ነው፣ እሷም ያደገችው እዚያው ነው፣ ከጎጆዎቹ በአንዱም ተከራይ ነበረች። በ2001 ተከራዮቹ ሁሉ ሲወጡ እሷም ወጣች፤ ወጥታ ግን አልተቀየመችም፤ ጎጆዎቹ ታድሰው ማንም ሰው ለአንድ ሌሊት፣ ለሁለት ሌሊት እየተከራየ እንዲያድርባቸው ባቋቋመችው ማኅበር አማካይነት ገንዘብ ስትለምን፣ ደጅ ስትጠና ኖረች። በ2006 የመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ለሕዝብ ተከፈቱ። የራስን ቤት ለሌላው አሳልፎ መስጠትና ለዚያም መድከም ትልቅ ነገር ነው፤ ይህችን ሴት ስሟን የጠራሁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሞሮ እንመለስ። የተጨመረው አምስት ዓመት በ2004 የመጨረሻ ቀን አለቀ። ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ወደ ምክር ቤትም ሄዱ፤ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንክፈልና ለተጨማሪ ዓመታት እንቆይ አሉ፣ ይህንኑ በሕግ ረቂቅ ያቀረበላቸውም እንደራሴ ነበር። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። መንግሥቱ ካዝናው ጎድሏል፣ እኛ በየወሩ ኪራይ እንከፍላለን፣ እኛን አስነስቶ ካምፕ ለመሥራት ግን ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ይህ ምን ጥቅም አለው? ይሉ ነበር። ደግሞም ከመካከላቸው መሄጃ የሌላቸው አረጋውያን አሉ ይሉ ነበር። ይህ ልብ ይነካል። እኔም ሰምቼ ዝም አልልም፤ ሽማግሌ ከቤቱ ሲወጣ ማየት ለማንም አይጥምም።

ነገር ግን ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን መልሱልኝ። በዚያው መሬት ላይ፣ በ1942፣ ምንም ያላጠፉ ገበሬዎች በቀናት ውስጥ ከነልጆቻቸው ተነቅለው ወደ በረሃ ተነድተዋል፤ ማንም ጊዜ አልጨመረላቸውም። እነዚህ ግን የሚወጡበትን ቀን አውቀው ፈርመዋል፣ ሃያ ዓመት ኖረዋል፣ አምስት ተጨምሮላቸዋል፣ ከዚያም በላይ በፍርድ ቤት ተሟግተዋል። ገንዘብ የከፈለ ይቆይ ከተባለ ደግሞ፣ ያ ባሕር ዳር ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ላለው ቀረ ማለት ነው፤ ሲጀመር የተገዛው ግን ገንዘብ ለሌለውም ነው። ስለዚህ መንግሥት ቃሉን መጠበቁ ትክክል ነበር እላለሁ። የሕጉ ረቂቅ አላለፈም። በ2006 መጀመሪያ ሰፈሩ ባዶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጫጫታ የሌለው ሥራ ነው፤ ቢሆንም የዚህ ትረካ እምብርት እሱ ነው። ምክንያቱም ሰዎች፣ የባሕር ዳር የሕዝብ ነው ተብሎ በሕግ ስለተጻፈ ብቻ የሕዝብ አይሆንም። ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ከሌለው፣ ልጁን የሚወስድበት ሽንት ቤት ከሌለው፣ እናቱን የሚያስቀምጥበት ጥላ ከሌለው፣ መሽቶበት የሚያድርበት ከሌለው፣ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። አጠገቡ ቤት ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ በእግሩ ወርዶ ዋኝቶ ይመለሳል። ለሌላው ግን ባሕሩ ማለት ማቆሚያው፣ ቧንቧውና ማደሪያው ጭምር ነው።

እናም ቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ከሥራቸው የነበረው ሲሚንቶ ተሰበረ፣ አስፋልቱ ተላጠ፣ የተቀበረው ቧንቧ ወጣ። በሰፈር ስር ታፍና የነበረችው የሞሮ ወንዝ ቦታ ተለቀቀላት፣ በዳርዳሯም የአገሩ ዛፍና ቁጥቋጦ ተተከለ። ወፎች አሉ፣ በዚያ የባሕር ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ካልሆነ መኖር የማይችሉ፤ ትንንሽ ነፍሳት እየለቀመች የምትኖር አንዲት ትንሽ ግራጫ ወፍ በ1993 የመጥፋት ስጋት ያለባት ተብላ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ውስጥ ገብታለች። ለእሷም ነው ቁጥቋጦው የሚተከለው። ከዚያ ቀን ውለው ለሚመለሱ ሰዎች የመኪና ማቆሚያና የሽርሽር ጠረጴዛ ተሠራ፤ ለሚያድሩት ደግሞ ድንኳንና የካምፕ መኪና የሚቆምባቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ ቦታዎች ከመንገዱ ወዲያ ከፍ ባለው ላይ፣ ባሕሩን እንዲያዩ ሆነው በደረጃ ተደለደሉ። ሽንት ቤትና መታጠቢያ ተሠራ። ልጆች አውራ ጎዳናውን እንዳይሻገሩም ከመንገዱ በታች ወደ አሸዋው የሚያደርስ መሹለኪያ አለ። እሱን ማን እንዳሰበው ባላውቅም እግዚአብሔር ይስጠው፤ በላዩ መኪና እየበረረ፣ በሥሩ ሕፃናት ባልዲያቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሥራው አዘገመ። ፓርኩ ዕቅድ አለው፣ ዕቅዱ ገንዘብ ይጠብቃል፣ ገንዘቡ ደግሞ በ2008 እና ከዚያ በኋላ በመላው ካሊፎርኒያ ጠፍቶ ነበር። ብቻ በ2011 ካምፑ ተከፈተ፤ ሰዎችም ድንኳናቸውን ይዘው መጡ። ልብ በሉ፣ ከመጀመሪያው አውራ ጎዳናው በተከፈተ ጊዜ ተራ ቤተሰቦች በአሸዋው ዳር ድንኳን ይተክሉ ነበር ብያችኋለሁ።

ዛሬ ማለዳ ተነስታችሁ ከካምፑ ብትወጡ፣ ወደ ላይ ሸለቆውን ይዛችሁ በእግር ከሄዳችሁ መኪና የማይደርስባቸው ሌሎች ሦስት የማደሪያ ቦታዎች አሉ፤ ውኃችሁን ተሸክማችሁ መውጣት ነው። ወደ ታች ከወረዳችሁ ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ድንጋዮቹ መካከል ኩሬዎች ይቀራሉ፣ በውስጣቸውም ኮከብ መሰል ፍጥረቶችና ሸርጣኖች ይታያሉ፤ ማየት እንጂ ማንሳት አይፈቀድም። በክረምት ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ ባሕር ተነስተው ሊወልዱ ወደ ሜክሲኮ ሲወርዱ ትንፋሻቸው ከሩቅ እንደ ጭስ ብቅ ይላል። ሰዎች ከገደሉ ላይ ቆመው ሲጠብቁ አንዱ ያይና እጁን ይዘረጋል፣ የማይተዋወቁት ሁሉ ወደ ጣቱ አቅጣጫ ይዞራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ እዚያው አካባቢ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ የተሰየመው ሰፈራችን አለ፤ ከዚያ እስከ ሞሮ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የትራፊኩን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ቢሆንም የቀን መንገድ አይደለም። እዚያ ለመግባት የሰፈሩ ሰው መሆን፣ ዘመድ ማግኘት፣ የማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። በግብራችሁ የሚተዳደር የእናንተው መሬት ነው። እንጨት ማንደድ ግን ክልክል ነው፣ ስለ 1993ቱ እሳት የነገርኳችሁን አስታውሱ፤ ቡናችሁን የምታፈሉት በጋዝ ምድጃ ይሆናል።

የማደሪያው ቦታ የሚያዘው ከስድስት ወር በፊት ነው፤ የበጋው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለመጪው ሐምሌ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ካሰባችሁ፣ ጥር ሲገባ ተመዝገቡ፤ አያቶችንም አትተዉ፣ ማቆሚያው ለጠረጴዛው ቅርብ ነው።